ከዓይን መርፌ በኋላ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

አንድ በሽተኛ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተነሥቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቢደርስ የዓይን ሐኪም ይመለከተዋል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ጠባቂው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ይህን ምክር ለቤተሰብ ጻፍን፤ ማንበብ የሚችል ልጅም ለአባቱና ለእናቱ ያንብብላቸው።

የስኳር በሽታ የዓይንን ውስጠኛ መጋረጃ ሲያሳብጥ፣ ሐኪሞች እንደ ቤቫሲዙማብ ያለውን መድኃኒት በቀጭን መርፌ ወደ ዓይን ውስጥ ያስገባሉ። አስቀድመውም ተሕዋስያንን ለመግደል ዓይኑን በፖቪዶን አዮዲን ያጥቡታል። ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ዓይንን የሚቈረቍረውና የሚያደርቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህ አዮዲን ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀንም ይተዋል። በነጩ ላይ የሚታየው የደም ቅላትም ሕመም ከሌለው በሁለት ሳምንት ያህል ይጠፋል።

እስከዚያው ሐኪም የፈቀደውን ሰው ሠራሽ እንባ መጨመር፣ በተጨፈነው ዓይን ላይም ንጹሕና ቀዝቃዛ ጨርቅ ሳይጫኑ ማሳረፍ ያሳርፋል። በሽተኛው ከምድጃ ጢስ፣ ከአቧራና ከደጋው ነፋስ ይራቅ፤ ዓይኑን ማሸት አይገባውም። የቅጠል ጭማቂም ሆነ የጡት ወተት ፈጽሞ አይጨመርበት፤ የመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ቢሆንም ለተሕዋስያን በር ነውና።

ነገር ግን ሕመሙ እያደር ቢብስ፣ ብርሃን ቢያውከው፣ መግል ቢወጣ ወይም ማየቱ ቢደክም፣ «ነገ ይሻለዋል» ብሎ መቈየት አይገባም። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከውስጥ የመረቀዘ ዓይን ግን በጥቂት ሰዓታት ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ የመሳፈሪያው ገንዘብ ከመርፌው ቀን ጀምሮ ተለይቶ ይቀመጥ።