ተስቦ ሲፈለግ የተገኘው

ላም የሚያልብ ሰው መዥገርን አብጠርጥሮ ያውቃታል። ግት ላይ፣ ጭራ ሥር፣ ጆሮ ውስጥ ተለጥፋ ደም ስትመጥ ትሰነብትና ባቄላ አክላ ትገኛለች። ከብት ላይ ስለምታደርሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ለሰው ስለምታስተላልፈው ባክቴሪያ ግን እምብዛም አይነሳም።

ነገሩ የኢትዮጵያም ታሪክ አለበት። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስቦ አምጪ ከእኛ አገር የከብት መዥገሮች ተገኘ የሚል ሪፖርት ይወጣ ነበር። ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነውና ወሬው ሳይንቲስቶችን አላስተኛም። በኋላ የላይም በሽታን ባክቴሪያ በማግኘቱ ዝነኛ የሆነው ዊሊ ቡርግዶርፈርና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምረው ውጤቱን በ1973 አሳተሙ። ተስቦውን አላገኙትም። ያገኙት የሜዲትራኒያኑን የመዥገር ትኩሳት ከሚያመጣው ጋር የሚቀራረብ ሌላ ባክቴሪያ ነበር። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም የወጣለት በ1996 ነው።

የባክቴሪያው ዋና ተሸካሚ አምብልዮማ የምትባለው ትልቅ መዥገር ናት። የወንዱ ጀርባ በብርቱካናማ ቀለም ያጌጠ ስለሆነ፣ እውነት ለመናገር፣ ቁንጅና አላነሰውም። ብዙ መዥገሮች ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃሉ፤ ይቺ ግን የትንፋሽ ሽታ ሲደርሳት መሬት ለመሬት ወደ ሽታው ትሮጣለች። ባክቴሪያውን በእንቁላሏ በኩል ለልጆቿ ስለምታወርስ፣ የታመመ እንስሳ ነክሳ የማታውቅ መዥገርም ልትይዘው ትችላለች።

ባክቴሪያው ባለባት መዥገር ከተነከሱ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምራል። ንክሻው ያረፈበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፤ እግር ላይ ከሆነ ብሽሽት ውስጥ ንፍፊት ይወጣል። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ዶክሲሳይክሊን ቶሎ ያድነዋል። የሚገርመው፣ በምርመራ ተለይቶ የሚታወቀው በአብዛኛው ሳፋሪ ደርሰው በሚመለሱ አውሮፓውያን ላይ መሆኑ ነው። እረኛው ትኩሳት ሲይዘው የወባ ምርመራ ይደረግለታል፣ ነጌቲቭ ይባላል፣ እግሩን ገልጦ የሚያየው ግን ጥቂት ነው።

መዥገር ከተለጠፈብዎ ላምባ አያፍስሱ፣ ክብሪትም አይለኩሱባት። በወረንጦ ከቆዳዎ ጥግ ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቧት፤ በጣትዎም አያፍርጧት። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ለጤና ባለሙያው ከብት ጋር እንደዋሉ ይንገሩት፤ ጥቁሩንም ቁስል ያሳዩት።