ያውቁ ኖሯል? የወንዶች ትንሽ እጢና አስገራሚ ምስጢሮቿ

ወንድ ከሆኑ፣ ከሽንት ፊኛዎ ሥር ትንሽ ሎሚ የምታህል እጢ አለችዎት! ስሟ ፕሮስቴት ነው። በወጣትነት ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ብቻ ነው። የሽንት ቧንቧ በመሐሏ ያልፋል። ስታብጥ ሽንት አልወርድ የሚለው ለዚህ ነው!

ያበጠ ፕሮስቴት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በዕድሜ የሚመጣው የተለመደው እብጠት ሌላ ነው፣ ካንሰሩ ሌላ! እብጠቱ ወደ ካንሰር አይለወጥም።

እ.ኤ.አ. በ1853 አዳምስ የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም የፕሮስቴት ካንሰርን ሲመዘግብ፣ እጅግ ብርቅ በሽታ ነው ብሎ ነበር! ዛሬስ? እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ወንዶች ተገኝቶባቸዋል። በዓለም ወንዶች ዘንድ በብዛት ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እርሱ ነው!

በሽታው ግን የዛሬ አይደለም! በሳይቤሪያ ቱቫ፣ አርዣን በተባለ ቦታ፣ የአንድ የእስኩቴስ ንጉሥ መቃብር ተቆፍሮ ነበር። ንጉሡ የተቀበረው በሺህ ከሚቆጠሩ የወርቅ ጌጦች ጋር ነው። አጥንቶቹ ሲመረመሩ ከፕሮስቴት የተሰራጨ ካንሰር ተገኘባቸው። ከሞተ 2,700 ዓመት ገደማ ሆኖታል!

ከሰው ሌላ ይህ ካንሰር በራሱ ጊዜ የሚነሳበት የቤት እንስሳ ማን ይመስልዎታል? ውሻ!

ካንሰሩን የሚመግበው የወንድነት ሆርሞን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቻርልስ ሃጊንስ ሆርሞኑ ሲቀነስ ካንሰሩ እንደሚዳከም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳየ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው ግን ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው!

ሐኪም የሚያዝልዎት የፒኤስኤ ምርመራ በደም ውስጥ የሚለካው አንድ ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ የተፈጥሮ ሥራ ምን ይመስልዎታል? የዘር ፈሳሽን ማቅጠን!

የፒኤስኤ ቁጥር ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም! የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል። የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ረጅም የብስክሌት ጉዞም ሊያሳስቱት ይችላሉ። ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ቀናት ከሁለቱም ይታቀቡ!

ብዙ ወንዶች የሚሸሹት በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገው ምርመራ ምን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ይመስልዎታል? አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም!

አባትዎ ወይም ወንድምዎ ይህ ካንሰር ከነበረባቸው፣ የእርስዎ ሥጋት እጥፍ ገደማ ይሆናል!

ይህን ደግሞ ይስሙ! በጡት ካንሰር የሚታወቀው ብራካ 2 የተባለው የዘረመል ለውጥ ወንዶችንም ለፕሮስቴት ካንሰር ያጋልጣል። ከእናት ወደ ወንድ ልጅም ይተላለፋል! የእናትዎና የእህትዎ የጤና ታሪክ የእርስዎም ጉዳይ ነው!

በአሜሪካ ከ8 ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ካንሰር ይገኝበታል። ከጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ደግሞ ከ6 አንዱ! በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ!

ቫይታሚን ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ይሉ ይሆናል። ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ምን ታየ? የቫይታሚን ኢ ክኒን ብቻ በወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ ጨመረ!

ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን ይባላል። ሰውነታችን ከጥሬው ይልቅ በዘይት ከተቁላላው ቲማቲም አብልጦ ይወስደዋል! ካንሰርን መከላከሉ ግን ገና አልተረጋገጠም።

የተረጋገጠውን ይያዙ! ሲጋራ በዚህ ካንሰር የመሞትን ዕድል ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለከፋው ዓይነት ያጋልጣል። ሲጋራውን ይተዉት፣ ቦርጩንም ይቀንሱ!

በወር 21 ጊዜና ከዚያ በላይ ዘር በሚያፈሱ ወንዶች ላይ፣ ከ4 እስከ 7 ጊዜ ከሚያፈሱት ይልቅ ካንሰሩ በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ መገኘቱን ያውቁ ኖሯል?

ዕድሜያቸው 80 ካለፈ ወንዶች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ፕሮስቴት ውስጥ ካንሰር ይገኛል! ብዙዎቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ምክንያት ያርፋሉ።

ለዚህም ነው ለካንሰር ሁሉ ወዲያው ቀዶ ሕክምና የማይደረገው! በብሪታንያ ተመራማሪዎች ገና ያልተሰራጨ ካንሰር የተገኘባቸውን 1,643 ወንዶች ለ15 ዓመት ገደማ ተከታተሉ። ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ ከፊሎቹ ጨረር፣ የቀሩት ክትትል ብቻ ተመደበላቸው። በሦስቱም ወገን ከ100 ሰዎች 97ቱ ገደማ በዚህ ካንሰር አልሞቱም!

ኔልሰን ማንዴላ ለፕሮስቴት ካንሰር የታከሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያረፉት በ95 ዓመታቸው ነው! ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1997 ተገኘባቸው፤ ከዚያ በኋላ 24 ዓመት ኖሩ!

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራንድ ደግሞ በተመረጡበት በ1981 በሽታቸውን አወቁ። ሕዝባቸው የሰማው ከ11 ዓመት በኋላ ነው!

ካንሰሩ ከእጢዋ ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ በአሜሪካ ከ100 ታማሚዎች 100ው ለማለት በሚቻል ደረጃ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ርቆ ከተሰራጨ ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ!

መጀመሪያ ላይ ደግሞ አያምም! ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ሲሰራጭ አጥንት ይወዳል፤ አንዳንዱ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ወገቡን ሲያመው ነው።

እንግዲህ እስኪያምዎት አይጠብቁ! 50 ዓመት ከሞላዎት ስለ ምርመራው ሐኪምዎን ያማክሩ። በቤተሰብዎ ታማሚ ካለ ወይም ጥቁር አሜሪካዊ ከሆኑ፣ በ45 ዓመትዎ ይጀምሩ። ሴት አንባቢ ከሆኑም ለባልዎ፣ ለአባትዎና ለወንድምዎ ይንገሩ። ጥያቄውን ዛሬውኑ ይጠይቁ!