የአሞጽ ሚዛንና የእኛ ገበያ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ድረስ ጾመ ነቢያትን ትጾማለች። ይህም ወራት በጎጃም ምድር የአጨዳና የአውድማ ወራት ነው። በወንበርማ ዋና ከተማ በሽንዲና በቡሬ ዙሪያ ጤፉ ይታጨዳል፤ በቆሎው ይፈለፈላል፤ በርበሬው ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያም በአህያና በጋሪ ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል። ነቢያት የሚታሰቡበት ጾምና ሚዛን የሚበዛበት ገበያ እንዲህ በአንድ ወራት መገናኘታቸው፥ ልብ ላለው ሰው ትልቅ ትምህርት ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ! ትንቢት ምንድር ነው ተብለን ብንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ መናገር ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በተለይም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ፥ መንገድና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያየ ሕዝብ፥ ይህ መከራ የሚያበቃው መቼ ይሆን እያለ በትንቢት ውስጥ ቀንና ዓመት ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ጭንቀት ያስጠይቃል። ይሁን እንጂ ነቢያት ለሕዝባቸው ብዙውን ጊዜ የሰጡት ቀን መቍጠሪያ ሳይሆን መመዘኛ ነበር። ይኸንንም ከነቢዩ ከአሞጽ ዘንድ በግልጥ እናገኘዋለን።

አሞጽ ከቤተ ልሔም በስተደቡብ በምትገኘው በቴቁሔ የሚኖር ከብት ጠባቂና የሾላ ፍሬ ለቃሚ ነበር፤ የነቢያት ወገን አልነበረም። ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት፥ በይሁዳ ዖዝያን፥ በእስራኤልም ዳግማዊ ኢዮርብዓም በነገሡበት ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ሰማርያ በሀብት ደልድላ፥ መኳንንቷም በዝሆን ጥርስ ባጌጠ አልጋ ይተኙ ነበር። መሥዋዕቱ አልተጓደለም፤ በዓሉም በዝማሬ ይከበር ነበር። የተጓደለው ሚዛኑ ነው። ነጋዴዎቹ ሰንበትን አክብረው ይውላሉ፤ ነገር ግን እህላቸውን ይሸጡ ዘንድ ሰንበቱ ቶሎ እንዲያልፍ ይመኛሉ። በሚሸጡበትም ጊዜ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፤ መመዘኛ ድንጋዩን ያከብዳሉ፤ ከስንዴውም ጋር ግርዱን ይሸጣሉ።

ስለ ድንጋዩ ጥቂት መግለጥ ያሻል። በዚያ ዘመን በእስራኤል የተቀረጸ ገንዘብ ስላልነበረ፥ ገዢው ዋጋውን በብር እየመዘነ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ሻጩ መስፈሪያውን ቢያሳንስ እህሉን ያጎድላል፤ ብሩ የሚመዘንበትን ድንጋይ ቢያከብድ ደግሞ ከድኻው ብዙ ብር ይወስዳል። አንዱ ገዢ በአንድ ገበያ ሁለት ጊዜ ተሰረቀ ማለት ነው። አባቶቻችንም በቁና ሲሰፍሩ ይኸን ተንኮል ያውቁት ስለ ነበር፥ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለው ተረቱ።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ይህ ለጥንት እስራኤል የተነገረ ነው፤ እኛን ክርስቲያኖችን ምን ያገባናል ይል ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡን ሐዋርያት ራሳቸው ናቸው። ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ በሚለው ነገር በኢየሩሳሌም ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ ቅዱስ ያዕቆብ ክርክሩን የቋጨው አሞጽ ስለ ወደቀችው ስለ ዳዊት ድንኳን የተናገረውን ጠቅሶ ነው። እንግዲህ የአንድ ከብት ጠባቂ ቃል ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት አቀና። የእኛም ሊቃውንት በጉባኤ ቤት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያመሠጥሩ፥ ቃሉ በተነገረበት ዘመን የነበረውን ነገር ሳይጥሉ፥ በክርስቶስ የተፈጸመውንና ዛሬ ለሚሰማው ሰው የሚገባውን ይጨምሩበታል። ሆሴዕ እስራኤል ከግብፅ ስለ መጠራቱ የተናገረውን፥ ወንጌላዊው ማቴዎስ ለጌታችን ከግብፅ መመለስ እንዳመጣው ያለ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ገበያ እንመለስ። እንደ መምህርነቴ ነገሩን በሒሳብ ላሳይ። አንድ ሚዛን በየኩንታሉ 3 ኪሎ ብቻ ቢደብቅ፥ 20 ኩንታል በቆሎ የሸጠ ገበሬ 60 ኪሎ ያጣል። ይህም ለአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ቀን ቀለብ ነው። ገበሬውም ቢሆን ከፍርድ አያመልጥም። ሚዛን እንዲያነሣ ብሎ በርበሬውን ውሃ የሚያርከፈክፍ ሰው አለ። የረጠበ በርበሬ ሲከማች ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን፥ ጉበትን የሚጎዳና ለነቀርሳ የሚዳርግ መርዝ ሊያፈራ ይችላል። በተፈጨ በርበሬ ላይ ቀይ አፈር፥ በቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ ሰዎች ወሬ በየጊዜው ይሰማል። የአሞጽ ዘመን ነጋዴ ግርድ ሸጠ፤ የእኛ ዘመን ሰው ግን ደዌ ሊሸጥ ደርሷል።

ነቢዩ ድኻው ስለ አንድ ጥንድ ጫማ መሸጡንም ነቅፏል። በክረምት የማዳበሪያ መግዣ አጥቶ፥ ገና ያልታጨደ እህሉን በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጠውን ጎረቤታችንን እናስብ። ችግሩን አይቶ በዚያ ዋጋ የሚገዛው ሰው፥ ፈቅዶ ሸጠልኝ ይላል። ረኃብ ያስፈረመው ውል ግን በእግዚአብሔር ፊት ፈቃድ ተብሎ አይቈጠርም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዳዊት መዝሙር አገራችን እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ መነገሩን እንወድዳለን፤ መውደዳችንም ይገባል። አሞጽም ስማችንን ጠርቶናል። ነገር ግን እርሱ የጠራን ለሙገሳ አይደለም። እስራኤል በመመረጧ እንዳትኮራ፥ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች መሆኗን ነገራት፤ ወዲያውም የእግዚአብሔር ዓይኖች በኃጢአተኛይቱ መንግሥት ላይ መሆናቸውን አስከተለ። እንግዲህ መመረጥ ከመመዘን አያድንም። ለእስራኤል ያልራራ ሚዛን ስማችን ተጽፏል ብሎ ለእኛ ያጋድል ይሆን? ሰማርያም ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በ722 ዓመት ግድም በአሦር እጅ ወድቃለች።

አንድ ከባድ መከራከሪያ ይቀራል፤ ይኸውም ሁሉ ሰው በሚያጭበረብርበት ገበያ እኔ ብቻ ብታመን ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ የኑሮ ውድነት ያስጨነቀው አባት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አሞጽ ራሱ እንጀራው ተነክቶበት ነበር። የቤቴል ካህን አሜስያስ፥ ወደ ይሁዳ ሽሽ፥ በዚያም እንጀራህን ብላ ባለው ጊዜ፥ ትንቢት መተዳደሪያው እንዳልሆነ መልሶ ቃሉን ሳያለዝብ ቀረ። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ስለ ቀድሞው በደሉ በማልቀስ ብቻ አልተወሰነም፤ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ።

ስለዚህ በየቤታችን በነቢያት ጾም ከምግብ መከልከል ጋር ጥቂት ነገር እንጨምር። ነጋዴው ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ይፈትን፤ ገበሬው በርበሬውን አድርቆ ይሽጥ፤ እናት ለገበያ የምታወጣውን ቅቤ ለልጇ እንደምትሰጠው ታድርግ፤ የሰው ገንዘብ በእጁ የቀረበትም ከልደት በፊት ይመልስ። ልጆችም ይህን በዓይናቸው ይዩ፤ ሒሳብ በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ የሒሳብን እውነት ግን የሚማሩት ከአባታቸው ሚዛን ነው። የመከራው ቀን መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ ለእኛ አልተሰጠንም፤ ነገ ማለዳ የምንሰፍርበት ቁና ግን በእጃችን ነው።