ቀዝቃዛ ወንዝ ከመግባታችን በፊት



በሴሚስተር እረፍት ከጀመዓችን ልጆች ጋር ባሌ ሄደን ዲንሾ አካባቢ ድንኳን ተክለን ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፤ ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ብዙ ተጉዘን፣ ላብ አጥምቆን ወይብ ወንዝ ስንደርስ ከሁላችን ዋና የሚችለው ወንድማችን «ቢስሚላህ» ብሎ ዘሎ ገባ። ብቅ ሲል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ውኃው እስከ ደረት ብቻ ስለነበር እጁን ይዘን አወጣነው። አልሐምዱሊላህ። ጥልቅ ቢሆን ኖሮስ?

ችሎታ አላነሰውም። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውነት ሳናዝዘው አየር በኃይል ይስባል፤ ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናሉ። በዚያች ቅጽበት አፍ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚሳበው ውኃ ነው። ይህ ድንጋጤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ድካም ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። ስለዚህ 15 ዲግሪ አየር ውስጥ ሹራብ ደርበን ተቀምጠን እናነባለን፤ 15 ዲግሪ ውኃ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግርን ያዝላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንዝለል። ከእግር ጀምረን፣ ፊትና አንገታችንን እያረጠብን፣ ትንፋሻችን እስኪረጋጋ ቀስ ብለን እንግባ። ድንገት የወደቀ ሰው ለመዋኘት አይታገል፤ በጀርባው ተንጋሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይንሳፈፍ። ዳር ያለ ጓደኛም ተከትሎ አይግባ፤ ገመድ ወይም በደንብ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ያንሳፍፋል፤ የሰውን ጭንቅላት ከውኃ በላይ ለማቆየት ከበቂ በላይ ነው።

«ብርድ የሚፈራ ወንድ ነው?» የሚል አይጠፋም። በመድረሳ የተማርነውን እናስታውስ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ፣ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆነው ነቁ። ቢታጠቡ እንዳይሞቱ ስለሰጉ ተየሙም አድርገው ሰገዱ፤ ባልደረቦቻቸውንም አሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ምክንያቱን ጠየቁ፤ መልሱን ሰምተውም ፈገግ አሉ እንጂ አልወቀሷቸውም።

ለሶላት ሲባል እንኳ ነፍስን ለሚጎዳ ብርድ አሳልፈን እንድንሰጥ ካልተጠየቅን፣ ለአንድ ዝላይና ለጓደኛ ጭብጨባ ብለን የምንሰጥበት ምክንያት የለም። ነፍስ አማና ናት።

ወንድማችን ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ገባ። በዚህኛው ግን ከእግሩ ጀምሮ ነበር፤ እኛም ጀሪካን ይዘን ዳር ቆመን ነበር። አላህ ሁላችንንም ይጠብቀን።