የከዚራ ነጭ ግድግዳና የጠቆረው ፊት

ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ጎዳናዎች ፎቶ ቤት የሚደርሱ ፊልሞች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ይመጣሉ። ግድግዳው ግራጫ፣ ሰማዩ ደብዛዛ፣ የሰውየው ፊት ደግሞ ዓይኑ እንኳ የማይለይ ጥቁር ጥላ። ወዲያው ካሜራው ይታማል፤ «አሮጌ ነው፣ ሌንሱ ደክሟል» ይባላል። ካሜራው ግን በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው የብርሃን ልኬቱ ላይ ነው፤ ያው ጥፋት ደግሞ ሕትመት ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይደገማል።

የከዚራ ብርሃን አስቸጋሪ ነው። ሰፈሩ የተቀየሰው የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎች፣ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዛፎችና ነጣ ያሉት ግድግዳዎች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ለነዋሪው ጥላው በረከት ነው። ለፊልም ግን ጥላና ፀሐይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ፈተና ይሆናል፤ ከዛፍ ሥር ያለው ብርሃን ፀሐይ ከሚመታው አስፋልት በሦስት ወይም በአራት ስቶፕ ያንሳል፣ ማለትም ከ8 እስከ 16 እጥፍ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ በማይሞላ ቦታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰሞን ቀን 6 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው የዓይኑ ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ኮፍያ ካደረገማ ግማሽ ፊቱ ይጠፋል። ለፊት የሚስማማው ብርሃን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ነው።

ጥርት ባለ ፀሐይ ልኬቱ ያለ መለኪያም ይታወቃል። አፐርቸሩ 16 ላይ ይደረጋል፤ የሹተሩ ፍጥነት ደግሞ ከፊልሙ የአሳ (ASA፣ የፊልሙ የብርሃን ትብነት) ቁጥር ጋር እንዲቀራረብ ይሆናል፤ ለ100 አሳ 1/125፣ ለ400 አሳ 1/500። ከዛፍ ሥር ሲገባ አፐርቸሩ ወደ 5.6 ወይም 4 ይከፈታል። ባትሪው የሞተ ሜካኒካል ካሜራ የያዘ ሰው በዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ጥቅል ፊልም በትክክል አንሥቶ ይጨርሳል።

መለኪያ ያለው ካሜራ ሲሆን ነው ችግሩ የሚጀምረው። መለኪያው ሰው አያውቅም፣ ግድግዳም አያውቅም። ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነገር፣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነጭ ግድግዳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያንጸባርቃል። ስለዚህ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁለት ስቶፕ ያህል ይቀንሳል፤ ግድግዳው ግራጫ ይሆናል፣ አጠገቡ የቆመው ሰው ፊትም አብሮ ሁለት ስቶፕ ይወርዳል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ቀድሞውንም ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል በታች ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ኔጋቲቩ ላይ ፊቱ ያለበት ቦታ እንደ ባዶ ፊልም ጥርት ብሎ ይቀራል። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናትን በቅርበት ሲያነሡም የሚሆነው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ «ፊልም ለጥቁር ቆዳ አልተሠራም» የሚል። አባባሉ ከእውነት የተቆረሰ ቁራጭ አለው። ኮዳክ ለማተሚያ ላብራቶሪዎች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለአሥርት ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ ባለሙያዎቹ ካርዱን ራሱን «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የማተሚያ ማሽኑ ቀለም ይስተካከል የነበረው በእሷ ቆዳ ልክ ነው፤ ጥቁር ፊት ምን መስሎ እንደሚወጣ የሚያይበት አልነበረም። ቡናማ ቀለም በፊልም ላይ በደንብ አለመውጣቱ ሲነገር የኩባንያውን ጆሮ ቀድመው ያገኙት በፎቶው ያልረኩት የእንጨት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች እንደነበሩ ተመዝግቧል። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አንድ ላይ የቆሙበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ይህ በደል ነበር፣ በደልም ተብሎ መነገር አለበት።

ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የቀለም ኔጋቲቭ ግን ያ ፊልም አይደለም። ጥቁር ፊትን ከነወዙ፣ ከነሽብሽቡ፣ ከነቀለም ልዩነቱ ይይዛል፤ በቂ ብርሃን ከተሰጠው ብቻ። በቂ ብርሃን ሳይሰጡ ጥፋቱን በቆዳ ላይ መጫን ከድሮው በደል የሚለየው ነገር የለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህን አባባል የሚደጋግሙት ብዙ ጊዜ ሙያውን እናስተምራለን የሚሉ መሆናቸው ነው። የካሜራውን ቁልፎች ሁሉ በስማቸው የሚያስጠና ሥልጠና ከፊት ላይ ብርሃን እንዴት እንደሚለካ አንድ ሰዓት እንኳ አይሰጥም። ተማሪው ሰርተፊኬት ይዞ ይወጣል፤ ሠርግ ያነሣል፤ ሙሽራዋ በነጭ ቬሎ ውስጥ ፊት የሌላት ሆና ትወጣለች። ያ ሠርግ አይደገምም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ካሜራውን ወደ ሰውየው አስጠግቶ ፊቱ ብቻ እስኪሞላው ድረስ መለካት፣ ቁጥሩን መያዝ፣ ተመልሶ ማንሣት። ፊቱ ጥቁር በመሆኑ መለኪያው አንድ ስቶፕ ያህል አብልጦ ቢሰጥ ለኔጋቲቭ ፊልም አይጎዳውም፤ የቀለም ኔጋቲቭ ሁለት ስቶፕ ትርፍ በቀላሉ ይችላል፣ የአንድ ስቶፕ ጉድለት ግን ወዲያው ይታይበታል። (ስላይድ ፊልም ተቃራኒው ነው፤ ትርፍ ብርሃን ያቃጥለዋል።) ሰውየውን መጠጋት ካልተቻለ የገዛ መዳፍን በዚያው ብርሃን ላይ ዘርግቶ መለካትና አንድ ስቶፕ መክፈት ነው። ቆዳችን የቱንም ያህል ቢለያይ መዳፋችን ይቀራረባል።

ከልኬቱ ቀጥሎ ፊልሙን የሚጎዳው ሙቀት ነው። ፊልም ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል፤ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውጭ ቆይቶ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይስማማል። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ፊልም የማብቂያ ቀኑ ባይደርስም ተጎድቷል፤ ጥላው ይነጣል፣ ቀለሙ ያጋድላል። «ጊዜው ያለፈበት ፊልም ልዩ ውበት አለው» የሚለው ወሬ የተበላሸ ዕቃ ለመሸጥ ብቻ ነው የሚጠቅመው። ፊልም በመኪና ዳሽቦርድ ላይ መተውማ ድሬዳዋ ላይ የማይታሰብ ነው።

አጠባውም ላይ ሙቀቱ ይከተላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠበው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ታስቦ ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርደው የድሬዳዋ ውሃ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በሞቀ ደቬሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) የአጠባው ጊዜ ያጥራል፤ ከ5 ደቂቃ በታች ሲወርድ ደግሞ ፊልሙ ወጥ ሆኖ አይታጠብም። ስለዚህ ወይ ደቬሎፐሩ ቀጥኖ ጊዜው ይረዝማል፣ ወይ ጠርሙሶቹ በረዶ በተጨመረበት ሳፋ ውስጥ ይቀመጣሉ። በረዶው ሳፋው ውስጥ እንጂ ደቬሎፐሩ ውስጥ አይገባም። ፊክሰሩና የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃም ከደቬሎፐሩ ሙቀት ጋር መቀራረብ አለባቸው፤ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት በድንገት የገባ ፊልም ጄላቲኑ ይኮማተራል፣ ይህም ተመልሶ አይስተካከልም። የቀለም ኔጋቲቭ የሚታጠበው በ37.8 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው፤ ሙቀቱ በጣም በጥቂቱ ቢዛነፍ እንኳ ቀለሙ ስለሚለወጥ ያለ ትክክለኛ ቴርሞሜትር ባይሞከር ይሻላል።

ውሃው ሌላ ጣጣ አለው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን የቤት ማንቆርቆሪያ ሁሉ ይመሰክራል፤ ያው ኖራ በደረቀ ኔጋቲቭ ላይ ነጭ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ሕትመት ላይም ነጭ ነጥብ ይሆናል። በዚህ አካባቢ ፎቶና ውሃ የተጣሉት ዛሬ አይደለም። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረር በንግድ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን ፎቶ አነሣ፤ በግንቦት ወር ለቤተሰቡ ሲልከውም ፎቶዎቹ የነጡት በሚያጥብበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ጽፎ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ በተጣራ ውሃ፣ ለባትሪ በሚሸጠው ዓይነትም ቢሆን፣ ይደረጋል፤ ከዚያ ፊልሙ አቧራ በሌለበት ክፍል ያለ ቬንቲሌተር ይሰቀላል።

አሁን ሕትመቱ። የፎቶ ቤት ማተሚያ ማሽን ልክ እንደ ካሜራው መለኪያ ያስባል፤ የእያንዳንዱን ኔጋቲቭ አማካይ ወስዶ ወደ ግራጫ ይመልሳል። ነጭ ግድግዳ የሞላበት ፎቶ ሲገባለት ያጠቁረዋል፤ በትክክል የተለካው ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ከጥቁር በር ፊት የቆመ ሰው ሲገባለት ደግሞ ያነጣዋል፤ ፊቱ አመድ ይለብሳል። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማስተካከል ይችላል፤ ሥራውም ይኸው ነው። ብዙ ቦታ ግን ጥቅሉ ከነማሽኑ ግምት ታትሞ ይወጣል። ደንበኛው ሲያማርር ደግሞ ፊቱን በኮምፒዩተር አንጽተው ይሰጡታል። የሰውን ቆዳ መለወጥ ሕትመት ማስተካከል አይደለም፤ ያችን ጠይም እናት ልጆቿ በዚያ ፎቶ አያውቋትም።

በኢንላርጀር በእጅ የሚታተም ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ዳኛው የሙከራ ወረቀት ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት፣ ፊቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ በ5፣ በ10፣ በ15ና በ20 ሴኮንድ በየተራ ይበራበታል። የሚመረጠው ፊቱ የተዋበበት ሴኮንድ እንጂ ግድግዳው የተዋበበት አይደለም። ግድግዳው ነጥቶ ዝርዝሩ ከጠፋ ፊቱ በእጅ ጥላ ተከልሎ ግድግዳው ብቻ ጥቂት ሴኮንድ ይጨመርለታል። በመካከለኛ ኮንትራስት፣ ማለትም በ2 ቁጥር ወረቀት ወይም ማጣሪያ፣ መጀመር ይበጃል፤ በቀትር የተነሣ ኔጋቲቭ ወደ 1 መውረድ ይፈልጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ኔጋቲቩ ነው። ፎቶው ታትሞ፣ ወይም በስካነር ተነሥቶ በስልክ ከተላከ በኋላ ኔጋቲቩን የሚጥል ፎቶ ቤት አለ፤ የሠራተኞቹን፣ የሕንፃዎቹንና የበዓሎቹን ፎቶ በአልበም አስቀምጦ ኔጋቲቩ የት እንደገባ የማያውቅ መሥሪያ ቤትም አለ። ሕትመት ይደበዝዛል፤ በደንብ የታጠበ ኔጋቲቭ ግን ከዓመታት በኋላም እንደገና ይታተማል። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ጠብቀው ባያቆዩ ኖሮ የንጉሡና የአብዮቱ ዘመን ሥራቸው ዛሬ ለዓይን አይበቃም ነበር።

ፎቶ የሚያሳትም ሁሉ ለማተሚያ ባለሙያው «ለግድግዳው ሳይሆን ለፊቱ አስተካክለው» ይበል፤ ኔጋቲቩን ሳይቀበልም ከፎቶ ቤት አይውጣ።