ነፋስ፣ ብስክሌትና የሕዝብ አደራ

ባለፈው ሰኔ ወር፣ በአንድ እሑድ ማለዳ፣ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን ብስክሌቶቻችንን ይዘን ከዛንዳም ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተሰበሰብን። ዓላማችን የማርከርመርን ሐይቅ ዙሪያውን 160 ኪሎሜትር ገደማ ነድተን፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ለሚኖሩ ሕፃናት የጫማና የደብተር መግዣ ማሰባሰብ ነበር። ስለዚህ ጉዞ የምንጽፈው ራሳችንን ለማወደስ አይደለም። ከጉዞው በኋላ በመካከላችን የተነሣው ክርክር በባዕድ አገር የሚኖረውን ወገናችንን ሁሉ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ነው። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. እርዳታ ወይስ ምጽዋት?

ለበጎ አድራጎት ብስክሌት መንዳት በሆላንድ የተለመደ ነው። ከሁሉ የታወቀው በ2006 የተጀመረው አልፕ ዱዜስ ነው። በዚህ ጉዞ በሺህ የሚቆጠሩ ሆላንዳውያን ወደ ፈረንሳይ ይሄዱና 21 ኩርባዎች ያሉትን የአልፕ ዱዌዝን ተራራ በአንድ ቀን እስከ ስድስት ጊዜ ይወጡታል። ገንዘቡ ካንሰርን ለመታገል ይውላል፤ በ2012 ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰብስቧል። ተራራ የሌለው ሕዝብ ተራራ ፍለጋ አገር ያቋርጣል፤ እኛ የተራራ ልጆች ደግሞ በእነርሱ ሜዳ ላይ ለመንዳት ተነሣን።

ሐሳቡ ሲቀርብ ተቃውሞ አልጠፋም። «ረሃብና መፈናቀል በብስክሌት አይጠፉም» ያሉን ነበሩ። አባባሉ በመሠረቱ ትክክል ነው። በ1973 ወሎን የፈጀው ረሃብ የድርቅ ውጤት ብቻ አልነበረም። ጭሰኛው ምርቱን ለባለመሬት ይገብር ነበር፤ መንግሥትም እልቂቱን ከዓለም ደበቀ። የዮናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1973 ነው። ይኸው ፊልም በመስከረም 1974፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። ስለዚህ እርዳታ የፍትሕን ቦታ ሊተካ አይችልም። ይህን ስንል ግን በባዶ እግሩ የሚሄድ ሕፃን ፍትሕ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቅ ማለታችን አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱን መሥራት ሌላውን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ክርክር በማስታወቂያው ላይ ነበር። አንዳንዶቻችን የከሳ ሕፃን ፎቶግራፍ ይውጣበት አልን፤ «ፈረንጅ ካላየ አይሰጥም» በሚል። ከ1984 ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በየአውሮፓው ሳሎን ከዚያ ዓይነት ፎቶግራፍ ጋር ተጣብቆ መቅረቱን ያነሡት አሸነፉ። በማስታወቂያው ላይ የወጣው የመንገዱ ካርታና የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር ብቻ ሆነ።

ሦስተኛውና ከባዱ የርስ በርስ ጥርጣሬ ነበር። ከ2020 ጀምሮ በአገራችን የተካሄዱት ጦርነቶች እዚህም በየቡና መጠጫው ግድግዳ አቁመዋል። «ገንዘቡ ለማን ይሄዳል?» የማይል አልነበረም። ቀድሞ በአንድ ዕድር ይረዳዱ የነበሩ ሰዎች ስንጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩብን። አልተቀየምናቸውም፤ ከዚህ በፊት በሕዝብ ስም ተሰብስቦ የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ስለ መኖሩ እኛም እናውቃለን።

2. መንገዱ

ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሣን። ዛንዳም በማለዳ ካካዎ ካካዎ ትሸታለች፤ የፋብሪካዎቹ ጠረን እስከ ከተማው ዳር ድረስ ሸኘን። በፑርመረንድና በኤዳም አልፈን ሆርን ደረስን። ከዚያ እስከ ኤንክሃውዘን በቀኛችን ውሃ፣ በግራችን ሜዳ ነበር።

መኪና ሳያስፈራን የነዳነው የብስክሌት መንገድም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1971 በዚህች አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው ጎዳና ወጡ። በኅዳር 1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ታወጁ። ዛሬ የሚደነቀው ቀይ መንገድ ያ ሁሉ ግፊት ያስገኘው ነው።

«ብስክሌት ባህላችን አይደለም» የሚሉ ወገኖቻችን፣ ገረመው ደንቦባ በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ መወዳደሩን፣ ፅጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያስታውሱ። ባሕር ዳር ያደገማ ነጋሪ አያሻውም። ከመካከላችን ግን አንዲት እናት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ብስክሌት የተማሩት እዚህ አገር ከመጡ በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው ወዲያ፣ በሰፈር ማእከል ነው። በዚያ ቀን አንዴም ወደ ኋላ አልቀሩም።

ከኤንክሃውዘን ወደ ሌሊስታድ የሚወስደው ግድብ በ1975 የተጠናቀቀ ሲሆን 27 ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማል። ዛፍ የለም፤ ጥላ የለም፤ በግራም በቀኝም ውሃ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ እየመጣ ጎናችንን ይመታን ጀመር። ያን ጊዜ አንድ ሆላንዳዊ ጎረቤታችን ያስተማረንን አደረግን፤ በሰያፍ ተሰልፈን፣ ፊት ያለው ነፋሱን ተቀብሎ ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ይተካዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በእግራችን ገባን። በዚያ ሰልፍ ውስጥ በፖለቲካ ምክንያት ለሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ነፋስ ሲከልል ሌላው ከኋላው ይተነፍስ ነበር። ታረቁ ለማለት አንደፍርም፤ ውሃ ግን ከአንድ ጠርሙስ ጠጡ። ግድብ የሠራው ይህ ሕዝብም ቢሆን ሁልጊዜ የተፋቀረ አልነበረም። ከ13ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የውሃ ማኅበራት ያቋቋመው፣ ጎረቤቱን ቢጠላም ባይጠላም ግድቡ ከፈረሰ አብሮ እንደሚሰጥም ስላወቀ ነው።

ሌሊስታድ የቆመችው በ1957 ከውሃ በወጣ መሬት ላይ ነው። እዚያ ስንደርስ 90 ኪሎሜትር ያህል ነድተናል። ከዚያ ወደ አልሜሬ ያለው መንገድ በቀጥታ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ ነፋሱ አፍ ይገባል። የአንዱ ጉልበት እምቢ አለ። የሁለተኛው ጎማ ሁለት ጊዜ ተበስቶ መለወጫ አጣ። ሦስተኛው ደግሞ በሐቅ ለመናገር ደከመው። ሦስቱ በባቡር ተመለሱ። ስምንታችን በአልሜሬና በሞይደን አድርገን አምስተርዳም ገባን፤ ከጣቢያው ጀርባ በነፃው ጀልባ ተሻግረን ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ዛንዳም ደረስን።

3. የ210 ኪሎሜትር ጉዳይ

ቁም ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለጋሾቻችን፣ ማለትም ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ቃል የገቡልን ለያንዳንዱ ነጂ በኪሎሜትር ሒሳብ ነበር፤ አንዳንዱ 10 ሳንቲም፣ አንዳንዱ እስከ 1 ዩሮ። ሦስቱ ያልነዱት እያንዳንዳቸው 70፣ በጠቅላላው 210 ኪሎሜትር ነው። በሳምንቱ ቅጹን ልንሞላ ስንቀመጥ አንዱ ወንድማችን፣

«ለሁሉም 160 ብለን እንሙላው» አለ። «ገንዘቡ ኪሳችን አይገባ። የሚጎዳ ሰው የለም።»

ግለ ሂስ ማድረግ ካለብን፣ አብዛኞቻችን ራሳችንን ነቅንቀን ተስማምተን ነበር። ዝምታውን የሰበሩት እትዬ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ለሕፃን ጫማ ብለን ዛሬ የዋሸነውን፣ ነገ ለራሳችን ጫማ እንዋሸዋለን» አሉ።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ለያንዳንዱ ነጂ የነዳው ልክ ተጻፈ። በባቡር የተመለሱት ሦስቱ ከሁሉ በፊት እጃቸውን ለዚህ ውሳኔ ማንሳታቸውን መመስከር ይገባናል።

ውጤቱስ? አንዱ ሆላንዳዊ ጎረቤት 90ን በ25 ሳንቲም አባዝቶ ቁርጡን ከፈለ፤ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ሌላዋ ቅጹን አይታ ሳቀችና የ160ውን ከፈለች። በሆላንዶች ዘንድ እርዳታ ሲሰበሰብ «ከመምቻው ላይ ስንቱ ተጣብቆ ቀረ?» የሚል አነጋገር አለ፤ እኛ የማሲንቆውን መምቻ ልንል እንችላለን። እኛም መምቻችንን ለሁሉ አሳየን። የገባው ገንዘብ፣ ባንኩ ለማስተላለፊያ የቆረጠው፣ የጫማው ዋጋ፣ የደብተሩ ብዛት፣ ከደብረ ብርሃን የመጣው ደረሰኝ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ተጽፎ በመሰብሰቢያ አዳራሻችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ፊታቸውን ካዞሩብን ወገኖች ሁለቱ መጥተው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንዱ «እዚህ ጋ ለምን 90 ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ነገርነው። «በሚመጣው ዓመት 70ውን እኔ እነዳዋለሁ» አለ።

4. ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጥቂት ጫማ የተፈናቀለን ሕዝብ ወደ ቀዬው አይመልስም፤ ለዚያ ሰላምና ፍትሕ ያስፈልጋል፣ ይህንንም ከመናገር አንቦዝንም። ሁለተኛ፣ በመካከላችን የፈረሰውን መተማመን መልሶ የሚሠራው ስለ አንድነት የሚደረግ ንግግር ሳይሆን በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሒሳብ ነው። ሦስተኛ፣ በሕዝብ ስም የሚጻፍ ውሸት ትንሽና ትልቅ የለውም፤ ትናንት አገር ያጠፉት ትላልቅ ውሸቶችም «የሚጎዳ ሰው የለም» በሚል የተጀመሩ ናቸው።

በሚመጣው ሰኔ እንደገና እንነዳለን። ብስክሌት የሌለው ይንገረን፤ አሮጌ እናድስለታለን። መለወጫ ጎማ ግን እያንዳንዱ ይዞ ይምጣ።

የሕዝብ አደራ ይከበር!