የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አማካሪና ጠበቃ የሚይዘው በየትኛው ሕግ ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከጥሊሊ ተነሥታ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ ተመዝግባ ተፈተነች። ውጤት ሳይለጠፍ ሁለት ወር አለፈ። ሄዳ ስትጠይቅ ቦታው ላይ ሰው ተቀምጧል። «እሱ እንኳ ጊዜያዊ ነው» አሏት። ፈተናው ላይ ግን አላየችውም። «አጎቴ፣ ሕጉ ምን ይላል?» ስትለኝ ያገላበጥኩትን ለእናንተም ላካፍል።

ነገሩን በሦስት ከፍለን እንየው።

አንደኛው ሠራተኛ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 515/1999 ክፍት ቦታ የሚያዘው ተፈላጊ ችሎታውን ባሟላና ተወዳድሮ ብልጫ ባገኘ ሰው ነው ይል ነበር። ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ ቅድሚያ ያገኙ ነበር። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1064፣ በኋላም በሌላ አዋጅ ቢተካም የውድድር መርሑ አልተነሣም። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚመሩት የክልሉ ምክር ቤት ባወጣውና በዝክረ ሕግ ጋዜጣ በታተመው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ለመሆኑ ጊዜያዊ ቅጥር ክልክል ነው? አይደለም። የታሰበው ግን ዘላቂነት ለሌለው ሥራ ወይም አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር ነው። በየወሩ የሚሠራ ሒሳብ ዘላቂ ሥራ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ሁለተኛው አማካሪ ነው። ከውጭ የሚመጣ አማካሪ ሠራተኛ ሳይሆን አገልግሎት ሻጭ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በግዥ ሕግ ነው፤ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 የምክር አገልግሎትንም ያካተተው ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ጠበቃ ነው። መሥሪያ ቤት በፍትሐ ብሔር ሲከሰስ በመርሕ የሚቆምለት ዐቃቤ ሕግ ነው፤ በፌዴራል የፍትሕ ሚኒስቴር፣ በክልል የፍትሕ ቢሮ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የሕግ ባለሙያ እንደማንኛውም ሠራተኛ ተወዳድሮ የሚገባ ነው።

ታዲያ የተበደለ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቅ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶ፣ ምላሹን በ30 ቀን ገድቦታል። የፈተናውን ውጤትና የቅጥሩን ቃለ ጉባኤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልስ ከታጣ ለሲቪል ሰርቪስ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ አቤት ማለት ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ማመልከቻዋን አስገብታ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመትታለች። ቦታውን ታገኝ እንደሆነ አላውቅም። ስንተኛ እንደወጣች ማወቅ ግን መብቷ ነው።